የሲኒው አገር

በጌዴኦ ምድር በምትገኘው በኮንጋ የቡና ለቀማ በሚደራበት በኅዳር ወር፥ ቀዩ እሸት ቡና ከየጓሮው በቅርጫትና በማዳበሪያ ከረጢት እየተጫነ ወደ ማጠቢያው ጣቢያ በሚጎርፍበት፥ በአልጋ ላይ የተሰጣውም እርጥብ ቡና ከጧት ጀምሮ በሴቶች እጅ በሚገላበጥበት ሰሞን፥ ከሩቅ አገር የመጡ የቡና ገዢዎች ወደ መንደራችን ብቅ ማለታቸው የተለመደ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲሁ ከመጡት መካከል አንዲት ወጣት ሴት ነበረች፤ ገና ከመኪናው ስትወርድ የመንደሩ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ከበቧት። ልጆቹ ክፋት አልነበራቸውም፤ ጃፓናዊም ይምጣ ኮርያዊ፥ ከወደ ምሥራቅ የመጣውን ፊት ሁሉ የሚጠሩበት ስም ይኸው አንዱ ብቻ ነው። እኔ ግን ሽማግሌ እንደ መሆኔ አፍሬ፥ በአስተርጓሚው አማካይነት ይቅርታ ጠየቅኋት። እርስዋም አገርዋ ኢንዶኔዢያ እንደ ሆነ፥ አባቶችዋ ከቻይና ወደ ጃዋ ደሴት ከተሻገሩ ብዙ ትውልድ እንዳለፈ፥ የቻይናንም ቋንቋ እንደማትችል ከነገረችኝ በኋላ፥ «አባባ፥ አይዘኑ፤ በተወለድሁበት ከተማም ልጆች የሚሉኝ እንዲሁ ነው» አለችኝ።

ይህን ቃል ከሰማሁ ጀምሮ በልቤ ሲመላለስ ኖሯል። ሰው በተወለደበት፥ አያቱና ቅድመ አያቱ በተቀበሩበት ምድር ላይ እስከ ስንት ትውልድ ድረስ እንግዳ ይባላል? የአገር ልጅ የሚያሰኘውስ ደም ነው፥ ሃይማኖት ነው፥ ወይስ ሌላ ነገር?

ያን ዕለት ከጎረቤቴ ቤት ገብተን ቡና ተፈላልን። ጎረቤቴ ቄጠማውን ጎዝጉዛ፥ ቡናውን ቆልታ፥ ከሰሉ ላይ ዕጣን ጣል ባደረገች ጊዜ፥ እንግዳዪቱ ንግግርዋን አቋርጣ ጢሱን እየተመለከተች ዝም አለች። ኋላ እንደ ነገረችን፥ ሴት አያትዋ ለሙታን ወላጆችዋ መታሰቢያ በየጊዜው ዕጣን ታጥን ነበር፤ ነገር ግን ይህን የምታደርገው በጓዳ፥ በርና መስኮት ዘግታ ነበር፤ ልጅቱም በሕፃንነትዋ ዕጣን ማለት ለብቻ የሚደረግ ምስጢር ይመስላት ነበር። እኛ ዕጣኑን በር ከፍተን፥ ጎረቤት ጠርተን፥ ለሚያልፈው መንገደኛ እስኪሸት ድረስ እናጨሰዋለን። ይህ ልዩነት ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ታሪኩን ከሩቅ መጀመር ያስፈልጋል፤ የባሕር ማዶውን ዘመን ሁሉ በእነርሱ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

በእጃችን የያዝነው ሲኒ ራሱ የታሪኩ ምስክር ነው። ሲኒ በዐረብኛ ቋንቋ «ቻይናዊ» ማለት ነው። ነጩ ሸክላ ከቻይና ምድር ተነሥቶ፥ በሙስሊም ነጋዴዎች መርከብ የሕንድን ውቅያኖስ አቋርጦ ወደ ዐረብና ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይደርስ ስለ ነበር፥ ዕቃው የተወለደበትን አገር ስም እንደ ተሸከመ ወደ እኛ ቤት ገባ። ቡናም በፈንታው ከኢትዮጵያ ወደ የመን ተሻግሮ፥ ከዚያ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሆላንዶች እጅ ወደ ጃዋ ተወስዶ ተተከለ። ቡናው በጃዋ ባለ አገር ሆነ፤ ሲኒውም በኮንጋ ባለ ቤት ሆነ። «ይህ ሲኒ መጤ ነው፥ ከረከቦታችን ይውረድ» የሚል ሰው ከአባቶቻችን አንድም አልተገኘም። ተክልና ዕቃ ተሰድደው አገር ሲያገኙ፥ ተክሉን የተከለውና ዕቃውን የሠራው ሰው ግን ያን ያህል የማያገኝበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

ቻይናውያን ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች ጋር የተዋወቁት ሆላንዶች ከመምጣታቸው ብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ ነው። ከ1405 እስከ 1433 ድረስ ሰባት ጊዜ ታላላቅ መርከቦችን እየመራ የዞረው ጄንግ ሄ የተባለው አድሚራል፥ ጃዋንና ማላካን ጎብኝቶ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ እስከ ሞቃዲሾ ጠረፍ የደረሰ ሲሆን፥ እርሱ ራሱ በዩናን አውራጃ ከሙስሊም ቤተ ሰብ የተወለደ፥ አባቱም መካን የተሳለመ ሐጂ ነበር። ዛሬ በጃዋ ሰማራንግ በምትባል ከተማ ለዚህ ሰው መታሰቢያ የቆመ ሳም ፖ ኮንግ የሚሉት ቤተ መቅደስ አለ፤ ሙስሊም የነበረውን አድሚራል ሙስሊም ያልሆኑ ቻይናውያን ዕጣን እያጠኑ ያከብሩታል፤ የዚያው አገር ሙስሊሞችም ስፍራውን ይጎበኙታል። «ቻይናዊ» እና «ሙስሊም» የሚሉት ሁለት ቃላት በባሕርያቸው የሚጣሉ አለመሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም።

ታዲያ ጠቡ ከየት መጣ? ሆላንዶች በ1619 ባታቪያ ያሏትን፥ ዛሬ ጃካርታ የምትባለውን ከተማ በመሠረቱ ጊዜ፥ ግንበኛውም ነጋዴውም የስኳር ወፍጮ ሠራተኛውም ቻይናዊ ነበር። የስኳር ገበያ ሲወድቅና ሥራ ፈቱ ሲበዛ፥ የቅኝ ገዢው መንግሥት ሥራ ያጡትን ቻይናውያን እየያዘ ወደ ሴሎን ለመላክ አዘዘ፤ በመርከብ የተጫኑት ሁሉ መካከለ ባሕር ላይ እየተጣሉ ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ ድኾቹም ዐመፁ። በጥቅምት 1740 በከተማይቱ ቅጥር ውስጥ ወደ 10,000 የሚጠጉ ቻይናውያን ታረዱ፤ ሕሙማንና እስረኞች እንኳ አልተረፉም። ያን ጊዜ ገዢው መንግሥት ክርስቲያን ነኝ የሚል ነበር፤ ከዕልቂቱ ያመለጡት ቻይናውያን ደግሞ ከ1741 ጀምሮ ከጃዋ ሙስሊሞች ጋር ተሰልፈው በአንድነት ሆላንዶችን ተዋጉ። ከዚያ በኋላ ነው ገዢዎቹ ቻይናውያንን በተለየ ሰፈር አጥረው፥ ያለ ይለፍ ወረቀት ከሰፈራቸው እንዳይወጡ ከልክለው፥ በሕግ ደግሞ ሕዝቡን አውሮፓዊ፥ የሩቅ ምሥራቅ መጻተኛ፥ ያገሬው ተወላጅ ብለው በሦስት የከፋፈሉት። ሁለት ሕዝብ ለመቶ ዓመት በአጥር ተለያይቶ፥ አንዱ ግብር ሰብሳቢና ባለ ሱቅ፥ ሌላው ገበሬና ባለ ዕዳ ሆኖ ከኖረ በኋላ፥ አጥሩ ቢፈርስም እያንዳንዱ አጥሩን በኅሊናው ተሸክሞ ይኖራል።

ሆላንዶች ከሄዱ፥ ኢንዶኔዢያም ነጻ ከወጣች በኋላ ነገሩ በሌላ መልክ ተነሣ። በ1966 የወጣ የመንግሥት ውሳኔ ቻይናውያን ስማቸውን ወደ ኢንዶኔዢያ ስም እንዲለውጡ መከረ፤ በስሙ ምክር ቢመስልም በግብሩ ትእዛዝ ነበር። በ1967 ደግሞ የሱሃርቶ መንግሥት የቻይናውያን ሃይማኖትና ልማድ በአደባባይ እንዳይታይ፥ በቤተ ሰብ ውስጥ ብቻ ተወስኖ እንዲቀር አዘዘ፤ የእንግዳችን አያት በርና መስኮት የዘጋችው ስለዚህ ነው። የኮንፉክዩስን ትምህርት እንደ ሃይማኖት የያዙትም፥ ያ ትምህርት በ1965 ዐዋጅ ከስድስቱ ሃይማኖቶች አንዱ ሆኖ ተቈጥሮ ሳለ፥ ኋላ ከመዝገብ ስለ ተፋቀ፥ ጋብቻቸውን ለማስመዝገብ ሲሉ ብዙዎቹ በወረቀት ቡድሂስት ወይም ክርስቲያን ተብለው መጻፍ ግድ ሆነባቸው።

ስለ ስም መለወጥ ስጽፍ ልቤ ይነካል። እኔ ራሴ በልጅነቴ ትምህርት ቤት ስገባ፥ አባቴ በጌዴኦኛ ያወጣልኝን ስም መዝጋቢው መምህር «ለመጻፍ አይመችም» ብሎ በሌላ ስም ተካው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚጠቅመኝ መስሎት ነው። ሕዝባችንም በዚያ ዘመን በመንግሥት መዝገብ የሚታወቀው ራሱን በሚጠራበት ስም ሳይሆን «ደራሳ» እየተባለ ነበር፤ አውራጃውም የደራሳ አውራጃ ነበር። አባቴ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ በመዝገቡ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። እናቴ እንግዳ ሲመጣ በአዲሱ፥ ብቻችንን ስንሆን በቀድሞው ትጠራኝ ነበርና፥ በሁለት ስም የሚጠራ ልጅ የትኛው ሲጠራ አቤት ማለት እንዳለበት እስኪለይ ድረስ የሚያሳልፈውን ቅጽበት አውቀዋለሁ።

ስምን የለወጠ ሰው ታዲያ በለውጡ ዳነን? ሊም ሲዮ ሊዮንግ የተባለው ታላቅ ባለ ጸጋ ስሙን ሱዶኖ ሳሊም ብሎ ለውጦ ነበር፤ በግንቦት 1998 ጃካርታ በታወከች ጊዜ ቤቱ ተዘርፎ ተቃጠለ። እርሱ የሱሃርቶ ወዳጅ ስለ ነበር ቍጣው በገዢው ምክንያት መጣበት ይባል ይሆናል፤ እውነትም አለበት። ነገር ግን ከ1740 ዕልቂት የተረፉት በሰፈሩበት በግሎዶክ ሰፈር የነበሩት ትናንሽ ባለ ሱቆች የማን ወዳጆች ነበሩ? ሱቃቸው ነደደ፥ በሴቶቻቸውም ላይ ለመናገር የሚከብድ ግፍ ተፈጸመ። ከሺሕ በላይ የሆኑት ሙታን ደግሞ አብዛኞቹ በሚቃጠሉት የገበያ ሕንጻዎች ውስጥ የታፈኑ ያገሬው ድኾች ነበሩ። የጥቂት ባለ ጸጎች ወዳጅነት ለብዙ ድኻ ወገኖቻቸው ዕዳ ሆኖ እንደሚተርፍ፥ ያን ዕዳ ለማስከፈል የወጣው ሕዝብም ራሱ በእሳቱ እንደሚበላ ከዚህ እናያለን።

በጎረቤቲቱ በማሌዢያ ነገሩ በሕገ መንግሥት ተጽፎ ይገኛል። በ1957 ነጻ በወጣችው በዚያች አገር ሕግ፥ ማላይ ማለት የእስልምናን ሃይማኖት የሚያምን፥ የማላይን ቋንቋ የሚናገር፥ የማላይንም ልማድ የሚጠብቅ ሰው ነው። ስለዚህ ቻይናዊ በሰለመ ጊዜ ሰዎች «ማሱክ መላዩ» ይላሉ፤ ወደ ማላይነት ገባ ማለት ነው። በእኛም በደቡብ ምድር ጥንት ክርስትና የተነሣ ሰው «አማራ ሆነ» ይባል ነበርና፥ አነጋገሩ ለጆሮአችን ባዕድ አይደለም። የሰለመው ቻይናዊ ግን ቤተ ሰቦቹ «ከእኛ ወጣ» ሲሉት፥ የተቀበሉት ደግሞ «ገና አልገባህም» ሲሉት፥ በሁለት ደጃፍ መካከል ቆሞ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሃይማኖት የነፍስና የፈጣሪዋ ነገር መሆኑ ቀርቶ የዘር መታወቂያ ወረቀት በሆነ ጊዜ፥ የሚጎዳው መጻተኛው ብቻ አይደለም፤ ሃይማኖቱም ራሱ ይጎዳል፤ ወደ እርሱ የሚመጣው ሰው እውነትን ፈልጎ ይሁን ወይስ አገር ፈልጎ መለየት አይቻልምና።

እዚህ ላይ አንባቢ ሙስሊሙን ኅብረተሰብ ለመክሰስ የተነሣሁ እንዳይመስለው አስቀድሜ እናገራለሁ። የ1967ቱን እገዳ ያወጣው ወታደራዊ መንግሥት ነው፤ በጥር 2000 የሻረው ግን በእስልምና ትምህርት ያደገ፥ ናህድላቱል ዑለማ የተባለውን ታላቅ የሙስሊሞች ማኅበር ከመሠረቱት የአንዱ የልጅ ልጅ የሆነው፥ ዓሊሙ ፕሬዚዳንት አብዱረሕማን ዋሒድ ነው። ዋሒድ ወደ ሥልጣን ከመምጣቱ በፊት፥ በ1996፥ በኮንፉክዩስ ሥርዐት የተጋቡ ባልና ሚስት ጋብቻችን ይመዝገብልን ብለው በሱራባያ ፍርድ ቤት በተከራከሩ ጊዜ፥ እርሱ ራሱ ሄዶ ቆሞላቸዋል። ከ2003 ጀምሮ የቻይናውያን አዲስ ዓመት የኢንዶኔዢያ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ይህ ሲባል ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም፤ የጃካርታ ገዢ የነበረው ቻይናዊው ክርስቲያን ባሱኪ ቻሃያ ፑርናማ ስለ አንድ የቁርኣን አንቀጽ በተናገረው ቃል ምክንያት በ2017 የሁለት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

የዋሒድን ሥራ ሳስብ ወደ ኅሊናዬ የሚመጣው የገዛ አገራችን ንጉሥ ነው። በባሕር ማዶው አቈጣጠር በ615 ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ አክሱም ሲመጡ፥ አሳዳጆቻቸው የቆዳ ገጸ በረከት አሲዘው መልእክተኞች ልከው ስደተኞቹ እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። ንጉሡ ነጃሺ እጅ መንሻውን አይቶ አልፈረደም፤ ስደተኞቹን አስጠርቶ ስለ እምነታቸው ጠየቃቸው፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም በፊቱ ቆሞ ስለ ማርያምና ስለ ልጅዋ የሚናገረውን የቁርኣን ክፍል አነበበ። ንጉሡ ኋላ ሰለመ ወይስ አልሰለመም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሣውም፤ በዚያች ሰዓት ግን ክርስቲያን ንጉሥ ነበር፥ በፊቱ የቆሙትም የእርሱን እምነት ያልያዙ ጥቂት መጻተኞች ነበሩ። የኔን ልብ የሚይዘው ነገር ይህ ነው፤ ንጉሡ በምድሬ ለመኖር እምነታችሁን ተዉ አላላቸውም፤ እምነታችሁን ንገሩኝ አላቸው እንጂ። መጻተኛን ዝም በል ከማለትና ተናገር ከማለት መካከል ያለው ርቀት ዕጣን በጓዳ ከማጨስና በአደባባይ ከማጨስ መካከል ያለው ርቀት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ይመስለኛል፤ መጻተኛ በምድራችን ተከብሮ መኖሩ የእኛ ችሮታ ነው ወይስ ዕዳችን? ብዙ ደጋግ ሰዎች ችሮታ ነው ይላሉ፤ «በእንግድነት ተቀበልነው፥ እርሱም ልኩን ይወቅ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ችሮታ ሰጪው በፈለገ ቀን የሚነሣው ነገር ነው፤ የጃዋው ቻይናዊ ሦስት መቶ ዓመት ኖሮ በአንድ ሌሊት እንግዳ የሚሆነው ኑሮው በችሮታ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ነው። እኔ ዕዳ ነው እላለሁ። በኦሪት ምድር የእግዚአብሔር እንደ ሆነች፥ በርስዋ የሚኖሩት እስራኤል እንኳ በእርሱ ዘንድ መጻተኞችና እንግዶች እንደ ሆኑ ተጽፏል፤ ቁርኣንም ሰዎች በሕዝብና በነገድ የተለያዩት እርስ በርሳቸው ይተዋወቁ ዘንድ መሆኑን ያስተምራል። ባለ ምድሩ እግዚአብሔር ከሆነ፥ ቀድሞ የደረሰው ቀድሞ በመድረሱ ያገኘው ነገር ቢኖር ኋላ ለሚመጣው ቦታ የመልቀቅ ኀላፊነት ነው።

የብዙኃኑ ፍርሃት ግን ሐሰት ነው ብዬ አልሰብክም። የማላይ ገበሬ ንግዱ ሁሉ በሌላ እጅ ሲሆን አይቶ መስጋቱ ሰብኣዊ ጠባይ ነው። እኛም ይህን በገዛ ሥጋችን አይተነዋል። ጌዴኦ በጠባብ ምድር ላይ ተጨናንቆ የሚኖር ሕዝብ ነው፤ ከትልልቁ ዛፍ ሥር እንሰትና ቡናን አስማምቶ የሚያኖርበት የአባቶቻችን የእርሻ ጥበብ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ደስ ብሎናል፤ ጥበቡም ቢሆን መሬትን አያሰፋም። ስለዚህ ወገኖቻችን ከአባቶቻቸው ዘመን ጀምሮ ወደ ጎረቤቶቻችን ወደ ጉጂዎች ምድር እየተሻገሩ ሰፈሩ። አፈ ታሪካችን ዳራሶና ጉጆ ወንድማማቾች ነበሩ ይለናል፤ ከሁለቱም ወገን በአንድ ጸሎት ቤት አብረው የሚዘምሩ ምእመናን ብዙ ነበሩ። ይህ ሁሉ እያለ በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በተነሣው ጠብ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፥ የሚበዛው ጌዴኦ፥ ከቤቱ ተፈናቅሎ በየትምህርት ቤቱና በየጸሎት ቤቱ ዝናብ ወረደበት። የሃይማኖት ልዩነት አልነበረም፥ የመልክ ልዩነት አልነበረም፤ «መጤ» የሚለው አንድ ቃል ግን ነበረ፥ ከበስተኋላውም የመሬት ስጋት ነበረ። ከዚህ የተነሣ በጃዋም ሆነ በማሌዢያ የሆነውን ሁሉ ለእስልምና ወይም ለቻይናዊነት መስጠት አልችልም።

የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ፥ በሸንጎአቸው፥ ሲቀመጡ ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት «ሃላሌ»ን፥ እውነትን ነው። በጌዴኦና በጉጂ መካከል ደም ሲፈስ የሚፈጸመው የጎንዶሮ ሥርዐትም እውነቱ ሳይነገር አይጀመርም፤ የገደለው ገደልሁ፥ ያቃጠለው አቃጠልሁ ካላለ እርቅ የለም። ስለ ግንቦት 1998 በጃካርታ እንዲህ ያለ ሶንጎ አልተቀመጠም፤ የተቃጠለባቸው ሰዎች ሱቃቸውን አድሰው ዝም ብለው መኖር ቀጠሉ። እኛም የ2010ሩን ሃላሌ እስከ መጨረሻው ተናግረን ጨርሰነዋል ብዬ ለመጻፍ ብዕሬ አይታዘዝልኝም።

ያን ዕለት ቡና ያፈላችልን ጎረቤቴ በዚያ ጠብ በጉጂ ምድር ካለችው ከቀርጫ ከተፈናቀሉት አንዷ ናት። በሰኔ ዝናብ ልጅዋን አዝላ ከወንድምዋ ቤት ኮንጋ ስትደርስ ሌላ ምንም አልያዘችም ነበር። ነገሩ ሲረጋ የቀድሞ ጎረቤትዋ የነበረች የጉጂ ሴት፥ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፥ በገበያ ቀን ይርጋ ጨፌ ድረስ ይዛ መጥታ አምስት ሲኒዎችን ሰጠቻት፤ ከተቃጠለው ቤት ዐመድ ውስጥ ለቅማ አጥባ ያስቀመጠቻቸው ነበሩ። ስድስተኛው ተሰብሯል። ከሥራቸው «በቻይና የተሠራ» የሚለው የውጭ አገር ጽሑፍ በእሳቱ ጠቁሮ በጭንቅ ይነበባል።

እንግዳዪቱ ሲኒዋን ገልብጣ ያን ጽሑፍ አይታ ነበር፤ አስተርጓሚውም የሲኒዎቹን ነገር ነገራት። በቤቱ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ጎረቤቴ ለአምስታችን ቀድታ እርስዋ ቁጭ ብላ ጠበቀች፤ እንግዳዪቱ አቦሉን ጠጥታ ሲኒውን በመለሰች ጊዜም ተቀብላ በውሃ አለቅልቃ፥ በዚያው ሲኒ ለራስዋ ቀዳች።